ስምንት ብርሌ

ብርሌዋ አፏ ላይ ተሸርፋለች። ወገቧ ላይ ቀይ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ተጠምጥሞባታል፤ ትርጉሙ «ማንም እንዳይጠጣብኝ» ነው። ጎረቤቴ ጋሼ ከጠጅ ሥራ አሰናብተው ወደ መኪና ሥራ ካዛወሯት ቆይቷል። ከራዲያተር የወጣ ውሃ ይቀዱባታል፣ ወደ ፀሐይ ያነሷታል፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በሌላው ያዩዋታል፣ ከዚያ ምንም ሳይሉ ጀሪካን ውስጥ ይደፏታል። ባለፈው ቅዳሜ በእኔ መኪና ይህንን ስምንት ጊዜ አደረጉት።

መኪናዬ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተሠራች ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት ድሬዳዋ ከወንድሜ ጋር ብዙ ዓመት ኖራለች፤ ይህን ያዙልኝ። በቅርቡ የሽሮ ሜዳን ዳገት ስትወጣ ሙቀት መሥራት ጀመረች። በየሦስት ቀኑም አንድ ሃይላንድ ውሃ ትጠጣለች። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ኮፈኑን ከፍተው ሁለት ደቂቃ ሳይቆዩ «የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፤ ቴስታታው ይወርዳል» አሉኝ። ዋጋውን ስሰማ እኔም ሙቀት ሠራሁ።

«ቴስታታ ከማውረድህ በፊት አንዴ ልያት» አሉኝ ጋሼ በግንቡ ላይ ብቅ ብለው። «ግን በጠዋት፣ ሳታስነሳት።» ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው፤ ሰባን አልፈዋል። ግቢያቸው ውስጥ የቆርቆሮ ዳስ አለቻቸው፤ እዚያ የሚሠሩት ለቤተ ዘመድና ለጎረቤት ብቻ ነው፤ እሱም ደስ ሲላቸው።

ዓርብ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሞተሩ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፈቱ። የዘይት መለኪያዋን መዘው በነጭ ጨርቅ ጠረጉ። ውሃ ከዘይት ተደባልቆ ቢሆን ኖሮ ጨርቁ ላይ የሚቀረው ማኪያቶ ይመስል ነበር። የቀረው ግን ንጹሕ ጥቁር ነው። ከዚያ «አስነሳ» አሉኝና ዓይናቸውን ከራዲያተሩ አፍ አንድ ክንድ ያህል አድርሰው ጠበቁ። ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ከሆነ ገና ሞተሩ ሳይሞቅ የጭስ አረፋ ወደ ውሃው ይገባል፤ ራዲያተሩ አፍ ላይ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። አንድ ደቂቃ ጠበቁ፣ ሁለት፣ አራት። አንድም አረፋ የለም። ሞተሩን አስጠፉኝና ጣታቸውን ነክረው አወጡ፤ እስከ ጥፍራቸው ሥር ቀይ አፈር የቆፈሩበት መስሏል።

«ይቺ የታመመችው በውሃ ነው» አሉ።

ክዳኑን በመዳፋቸው ላይ ገልብጠው ያሳዩኝ ያን ጊዜ ነው። እኔ እስከዚያች ቀን የራዲያተር ክዳን እንደ ጠርሙስ ክዳን ውሃው እንዳይፈስ የሚደፍን ነገር ይመስለኝ ነበር። ጀርባው ላይ ሞላ አለ፤ በሞላው ጫፍ የጎማ ቀለበት፤ በቀለበቱ መሐል ደግሞ ሌላ፣ አንዲት ሳንቲም የማታህል፣ ወደ ውጭ ስትሳብ ብቻ የምትከፈት ቫልቭ አለች። ትልቁ ሞላ ውሃው ሲሞቅ ግፊቱን አፍኖ ይይዛል፤ ሲበዛበት ብቻ ከፈት ብሎ ትርፉን ወደ መጠባበቂያው ፕላስቲክ ይልካል። ማታ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ትንሿ ትከፈትና የላከውን መልሳ ትስባለች። በአናቱ ላይ የተቀረጸው 0.9 የሚለው ቁጥር የሚይዘው ግፊት ነው።

ይህ ቁጥር ለእኛ ለደጋ ሰዎች ከማንም በላይ ዋጋ አለው። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። እኛ ሰፈር፣ 2,500 ሜትር ግድም ላይ፣ 92 አካባቢ ሲደርስ ይንተከተካል፤ ባቄላ ቀቅሎ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ሞተር ግን ደህና የሚሠራው ከ80 ዲግሪ አልፎ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ካልያዘ በሥራ ሙቀትና በመፍያ መካከል ያለችው ዕድል አሥር ዲግሪ ገደማ ብቻ ናት፤ አንድ ዳገት ትጨርሳታለች። 0.9 ግፊቱን ሲይዝ ግን ያው ውሃ ወደ 114 ዲግሪ ሳይደርስ አይፈላም። የእኔ ክዳን ጎማው እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል። መኪናዋ ውሃ ትጠጣለች ያልኩት፣ ለካ በየዳገቱ እያፈላች በእንፋሎት ስትበትነው ነው። (ክዳን በትኩሱ ለመክፈት የሚቸኩሉ ሰዎችንም ጋሼ የሚቆጡት ለዚሁ ነው። ታፍኖ ያልፈላው ውሃ ግፊቱ በተለቀቀ ቅጽበት በአንዴ ይፈላል፤ ፊት ላይ።)

ቀጥለው የቴርሞስታቱን ቤት ፈቱ። ባዶ ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ሰው «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶ ጥሎታል። ይህን ወሬ እኔም ስንቴ ሰምቼዋለሁ! ጋሼ ግን ከንፈራቸውን መጠጡ፤ በዚያ ቀን ከሰማኋቸው ሁሉ ክፉው ስድባቸው እሱ ነበር። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ጠዋት ቶሎ አይሞቅም፤ ያልሞቀ ሞተር ደግሞ ቤንዚን ይበላል፣ ራሱንም ይበላል።

ሶማሌ ተራ ሄጄ ቴርሞስታት ገዛሁ። «ሁለት ግዛ» ብለውኝ ነበር፤ ሁለት ገዛሁ። ሁለቱም ላይ 82 የሚል ተቀርጿል። ማታ ባለቤታቸው እትዬ ሽሮ ሠርተው ባነሱበት ምድጃ ላይ ጋሼ አሮጌ ድስት ጣዱ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ካየሁት ሁሉ ያማረኝ ይህ ነውና።

ቴርሞስታት ሆዱ ውስጥ ሰም አለው። ሰሙ ሲቀልጥ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ዘንጓን ይገፋል፤ ዘንጓ ክዳኑን ትከፍታለች። ኤሌክትሪክ የለው፣ ሽቦ የለው። ጋሼ ቴርሞስታቱን በሁለት አውራ ጣታቸው ጫን ብለው ከፈቱና የስፌት ክር ጫፍ አፉ ውስጥ አስገብተው ለቀቁት። ክዳኑ ክሩን ነከሰ። ክሩን ማንኪያ ላይ አስረው ማንኪያውን ድስቱ አፍ ላይ አጋደሙት፤ ቴርሞስታቱ ከድስቱ ታች ሳይነካ ውሃው ውስጥ ተንጠለጠለ። አጠገቡ ቴርሞሜትር አንጠለጠሉ፤ እሱም ታቹን አይነካም፣ ታቹ ከውሃው ይልቅ ይሞቃልና። እሳቱን ዝቅ አደረጉ። ተቀመጥን።

70፣ 75፣ 80። በ83 ክሩ ተለቀቀ፤ ቴርሞስታቱ ድስቱ ታች ላይ ቅጭል አለ። ጋሼ ቁጥሩን በሲጋራ ወረቀት ጀርባ ጻፉ። ቀዝቀዝ አድርገው ደገሙት፤ 83። ሠለሱት፤ 83። ሁለተኛው ቴርሞስታት፣ ያው 82 የተቀረጸበት፣ ሳይወድቅ 85 አለፈ፣ 87 አለፈ፣ በ89 ወደቀ። ሲደግሙት በ86፣ ሲሠልሱት ደግሞ ውሃው ቢንተከተክም አልከፍት አለ። «ይሄኛው ሐሳቡን ይቀያይራል» ብለው ከመሣሪያ ሣጥናቸው ጥግ ወረወሩት። ዋጋው የሁለቱም አንድ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እጥበቱ ተጀመረ። ቴርሞስታቱ ገና አልገባም፤ ውሃው እንደ ልቡ እንዲዘዋወር ለእጥበት ቀን ቤቱ ባዶ መሆን አለበት። መኪናዋ እንዳትንሸራተት ጎማዋ ሥር ድንጋይ ተደረገ፣ ከራዲያተሩ ማፍሰሻ ሥር ሳፋ ገባ። ከወጣው አንዲት ጠብታ መሬት አልነካችም። አሮጌ ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ውሻና ድመት ይልሱታል፣ ይሞቱበታል። ቦይ ውስጥ መድፋት ግን እንዴት ይቀላል! የሰፈራችን ቦይ ብዙ ዓይነት ቀለም አይቷል።

የመጀመሪያው ብርሌ አተላ ነበር። ጋሼ ወደ ፀሐይ አነሱት፤ ብርሃን አላሳለፈም።

ራዲያተሩን ከውሃ ጎማዎቹ ለይተው የቧንቧውን ውሃ ከታች አስገብተው ከላይ አወጡት። ውሃው በሥራ ጊዜ የሚሄደው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ቆሻሻውም በዚያው አቅጣጫ ገፍቶ ገፍቶ ጠባቧ መተላለፊያ ውስጥ ተወትፏል። በመጣበት መመለስ ነው እንጂ ወደፊት መግፋት የበለጠ መወተፍ ነው። ከላይ የወጣው ውሃ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ እንደ እንቁላል ቅርፊት ያለ ነጭ ስብርባሪ ይዞ መጣ። ጋሼ ጥቂቱን ለቅመው ጋዜጣ ላይ ዘረጉ። «እትዬ፣ አቼቶ!» ብለው ተጣሩ። ጠብ ሲያደርጉበት ስብርባሪው ሽሽሽ ብሎ አረፋ ደፈቀ።

«ድሬዳዋ» አሉ፣ የጠፋ ዘመድ ያገኙ ያህል።

የድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውሃ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ይጋግራል፣ ቧንቧ ይደፍናል። ወንድሜ ለዓመታት ከቧንቧ እየቀዳ ራዲያተሩ ውስጥ ጨምሯል፤ ውሃው ሲተን ኖራው ቀርቷል። ያ ነጭ ግግር ሙቀት የማያስተላልፍ ብርድ ልብስ ነው፤ ራዲያተሩ ብርድ ልብስ ለብሶ ነው ሲሠራ የኖረው።

ግግሩን ለማሟሟት ጥቂት ሲትሪክ አሲድ በሞቀ ውሃ በጥብጠው ጨመሩና ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ግማሽ ሰዓት ሠራ። እኔ ጎበዝ ነኝ ብዬ «በረኪና ብንጨምርበትስ?» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። በረኪና አሉሚኒየም ይበላል፤ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። ብሎኩ ብረት ነው። ራዲያተሩ ነሐስና መዳብ፣ ያውም በቆርቆሮና በእርሳስ የተበየደ። ሦስትና አራት ዓይነት ብረታ ብረት አንድ ውሃ ውስጥ ሲነከሩ ውለው ካደሩ አንዱ ሌላውን ይበላዋል፤ ባትሪ የሚሠራውም በዚሁ ነው። ስለዚህ አሲዱ ለስላሳ፣ ጊዜው አጭር፣ እጥበቱ ረጅም።

ከዚያ ብርሌዎቹ ቀጠሉ። ሦስተኛው የሰነበተ ጠላ መሰለ። አራተኛው ጉሽ። አምስተኛው ላይ እኔ «ጠራ!» ብዬ ነበር፤ ጋሼ ብርሌዋን ሳያወርዱ ከጀርባዋ ጣታቸውን አስቀምጠው የጣታቸው መስመር ይታየኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። አይታይም። «ጠጅ ነው» አሉ። ስድስተኛው ብርዝ። በየመካከሉ ሞተሩ ይነሳል፣ ሂተሩ እስከ መጨረሻው ይከፈታል (ካልተከፈተ ሂተሩ ውስጥ ያለው አሮጌ ውሃ አይነካም)፣ ይሞቃል፣ ይጠፋል፣ ተቀምጠን እስኪቀዘቅዝ እንጠብቃለን። ትኩስ ብሎክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋም። እውነቱን ለመናገር አምስተኛው ላይ ሰልችቶኝ ስልኬን ማየት ጀምሬ ነበር። እሳቸው በመጠበቂያው ሰዓት ሌላ ነገር ይሠራሉ።

ከሠሩት አንዱ የቴርሞስታቱ ቤት ጓርኒሲዮን ነው። ሶማሌ ተራ በጥቂት ብር የተዘጋጀ ይሸጣል፤ ይህንንም ነግሬያቸው ነበር። እሳቸው ግን የጓርኒሲዮን ወረቀት በቤቱ ፊት ላይ አስተኝተው በትንሽ መዶሻ ጠርዝ ጠርዙን ይመቱት ጀመር፤ ጣ ጣ ጣ፣ ወፍ ጥሬ እንደምትለቅም። ወረቀቱ በመዶሻውና በብረቱ ጠርዝ መካከል ይቆረጣል፤ የብሎኖቹ ቀዳዳ እንኳ በመዶሻው ክብ ጀርባ አንዴ ሲመታ እንደ ሳንቲም ተቆርጦ ይወድቃል። መቀስ አልነኩም። የወጣው ወረቀት የዚያችን መኪና፣ የዚያን ቤት ልክ ይዟል፤ ጥርሷንም ጉድለቷንም። አሮጌውን ጓርኒሲዮን ከአሉሚኒየሙ ላይ የላጡት በፕላስቲክ ማስመሪያ ነው፤ ካቻቪቴ ቢሆን ይቀል ነበር፣ ግን ይጭረዋል፣ በጭረቱም ውሃ ይሰርጋል።

(በነገራችን ላይ የጋሼ ቋንቋ ያስገርመኛል። ኮፈን፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካቻቪቴ፣ ሚኒሞ፣ የእትዬ አቼቶ ሳይቀር ጣሊያን ነው። ጣሊያንኛ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አይናገሩም። ቋንቋውን የሚያውቁት ከኮፈን ሥር ብቻ ነው።)

ሳይነኩት የተዉትም አለ። ብሎኩ ጎን ላይ፣ ከታች፣ የራሱ ማፍሰሻ ብሎን አለ፤ እሱ ቢፈታ ሞተሩ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ሁሉ ይወጣል። ጋሼ በጀርባቸው ተኝተው በባትሪ አዩት፣ መፍቻ አስገቡበት፣ አንዴ ብቻ ጫን አሉት። ከዚያ መፍቻውን አወጡ። «ይሄ ከብሎኩ ጋር ተጋብቷል» አሉ። ቢሰበር ሥራው የእሁድም የሰኞም ይሆናል። እኔ እጃቸውን ነበር የማየው፤ አንዴ ጫን ብለው ከዚያ በላይ እንደማይሄድ በምን አወቁት? ጠየቅኳቸው። «ብረት ሊለቅ ሲል ይነግርሃል፣ ሊሰበር ሲልም ይነግርሃል፤ ድምፁ አንድ አይደለም» ብቻ አሉኝ። እኔ ምንም ድምፅ አልሰማሁም።

ብሎኑ ባለመፈታቱ ሒሳብ መጣ። ጋሼ የዚህችን መኪና ሆድ 6 ሊትር ይሉታል። ከራዲያተሩ የሚፈሰውን በጀሪካን ሲለኩት 4 ሊትር ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ እጥበት 2 ሊትር አሮጌ ውሃ ውስጥ ይቀራል፤ ሲሦው ማለት ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት እጥበቶች በቧንቧ ውሃ ሳይሆን በባትሪ ውሃ አደረጉት፤ የተጣራ ነው፣ ጨው የለውም። አንዴ ሲታጠብ የቧንቧው ውሃ ሲሦ ይቀራል፣ ሁለተኛ ሲታጠብ የሲሦው ሲሦ፣ ከዘጠኝ አንድ። ሰባተኛውና ስምንተኛው ብርሌ እነዚህ ነበሩ። በስምንተኛው ከብርሌዋ ጀርባ የአውራ ጣታቸው አሻራ ተነበበ።

ቀጥሎ ሙሌቱ። ብዙ ሰው 6 ሊትር ግማሽ በግማሽ በጥብጦ ይቀርብና 4 ሊትር ላይ ሲሞላበት ይደነቃል፤ ውስጥ ያለውን 2 ሊትር ውሃ ረስቶት ነው፤ ድብልቁም ቀጥኖ ይቀራል። ጋሼ መጀመሪያ 3 ሊትር ያልተበረዘ ኩላንት ጨመሩ፣ ከዚያ 1 ሊትር የባትሪ ውሃ። ውስጥ ከቀረው 2 ጋር 3 ለ3። ያን ጊዜ ነው ለምን «9 ሊትር የባትሪ ውሃ፣ 3 ሊትር ኩላንት፤ የተበረዘውን እንዳይሸጡልህ አንብብ» ብለው እንዳዘዙኝ የገባኝ። 4፣ 4፣ 1። አንድ ጠብታ አልተረፈም፣ አንድ ጠብታ አልጎደለም።

አዲስ አበባ ራዲያተር ውስጥ የሚረጋ ውሃ የለም፣ ኩላንት ለፈረንጅ ብርድ ነው የሚል ክርክር አለ። ጋሼ አይከራከሩም። ያን ከራዲያተሩ የወጣውን አተላ በአንድ ጠርሙስ አስቀምጠውታል፤ ለሚከራከር ያሳዩታል። ኩላንት ውስጥ ከዝገት የሚከላከል ቅመም አለ፤ እኛ የምንገዛው ለእሱ ነው፤ መፍያውን ከፍ ማድረጉ ምርቃት ነው።

የቀረው አየር ማውጣት ነው። መኪናዋን መንገዱ ላይ አወጣናት፤ አፍንጫዋን ወደ እንጦጦ። ሰፈራችን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፤ ዳገቱ ራዲያተሩን ከሁሉ በላይ ያደርገዋል፣ አየር ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚሸሸው። የሃይላንድ ጠርሙስ ወገቡ ላይ ተቆርጦ፣ አንገቱ ላይ የከመነዳሪ ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ተገልብጦ ራዲያተሩ አፍ ላይ ተሰካ። ቴርሞስታቱን ሲገጥሙም ጠርዙ ላይ ያለችውን የምትንቀጠቀጥ መርፌ ወደ ላይ አድርገዋታል፤ አየር የሚያልፈው በእሷ በኩል ነው፤ ወደ ታች ከዞረች ሥራ የላትም።

ሞተሩ ተነሳ። ጋሼ ላይኛውን ጎማ በእጃቸው ጨመቅ ለቀቅ፣ ጨመቅ ለቀቅ ያደርጉት ጀመር፤ ላም የሚያልቡ ነበር የሚመስሉት። በእያንዳንዱ ጭመቃ ጠርሙሱ ውስጥ አንድ አረፋ ይወጣል፣ የኩላንቱ ከፍታ በጣት ስፋት ይወርዳል። ትላልቅ አረፋዎች፣ ከዚያ እንደ ባቄላ፣ ከዚያ እንደ ምስር። በሌላ እጃቸው የታችኛውን ጎማ ይዳስሳሉ። ቀዝቃዛ፣ ቀዝቃዛ፣ ቀዝቃዛ። ድንገት እጃቸውን አነሱ። «ከፈተ» አሉ። ድስቱ ታች ቅጭል ያለችው ያቺው 83 ነበረች፤ አሁን ማንም በማያያት ቦታ። ጥቂት ቆይቶ ፋኑ ተነሳ፣ ሠራ፣ ቆመ። ደግሞ ተነሳ፣ ቆመ። ጌጁ ከመሐል ንቅንቅ አላለም። አዲሱ ክዳን ገባ፤ ይህም 0.9 ነው፤ ከፍ ያለ ግፊት የሚይዝ ቢገኝም የአሮጌ ራዲያተር ብየዳ አይችለውም ብለው እምቢ አሉ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጠላቸውን ሳያወልቁ መጡ። ማታ መጠባበቂያው ፕላስቲክ ላይ በእስክርቢቶ መስመር አስምረውበት ነበር። ኩላንቱ ከመስመሩ ሁለት ጣት ወርዷል። ክዳኑን ከፈቱ፤ ራዲያተሩ እስከ ከንፈሩ ሞልቷል። ሌሊት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ትንሿ ቫልቭ ተከፍታ የጎደለውን ስባለች። መጠባበቂያው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፉና በእስክርቢቶ «3 ኩ፣ 3 ውሃ» ብለው ቀኑን ጻፉበት። ከዚያ ብርሌዋን ጠየቁኝ፤ እኔ ዘንድ ረስተዋት ኖሯል።

አጥቤ ነበር የመለስኩላቸው። አሽትተው ወደ ፀሐይ አነሷትና «አንዴ ድገማት» አሉ።